ሲስተም አናሊሲስ ኤንድ ዲዛይን ምታስተምሩ ሰዎች፣ ምኑን ነው ምታርሙት?

የሐረጎ_መንገደኛ፦

ሰላም ለዚ ቤት። ደሴ ነው ምኖረው፣ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ሲስተም አናሊሲስ ኤንድ ዲዛይን (የድርጅት አሰራር አጥንቶ ሶፍትዌር መንደፍ) አስተምራለሁ፣ ሶስተኛ ዓመት፣ 72 ተማሪ፣ ስድስት ስድስት አርጌ 12 ግሩፕ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው ስለዚ ልምድ ያላችሁ እንደ ታናሽ ወንድም ቆጥራችሁ ምከሩኝ።

ፕሮጀክት ሰጠሁ፣ ከ30 ሚያዝ፣ የፈለጋችሁትን ድርጅት ምረጡና አሁን እንዴት እንደሚሰራ አጥንታችሁ አዲስ ሲስተም ዲዛይን አርጉለት ብዬ። ባለፈው ሐሙስ ሰበሰብኩ። ትንሹ 70 ገጽ ነው ትልቁ 110 ምናምን። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዝን ስንወጣ ራሴን አዞረኝ፣ መንገዱ ነው ብዬ ነበር፣ ሶስተኛው ዶክመንት ላይ ስደርስ ግን ነቃሁ፣ ለካ አንዱን ገጽ ነው ደግሜ ደግሜ የማነበው። የክሊኒኩም የሆቴሉም የዶርም ምደባውም መግቢያ አንድ ነው። ሁሉም ፊዚቢሊቲ ስተዲ በቴክኒክም በኢኮኖሚም አዋጭ ነው ይላል አንድ ብር ሳይሰላ። ሁሉም ዩዝ ኬዝ ዳያግራም (ተጠቃሚው በሲስተሙ ምን እንደሚሰራ ሚያሳየው ስዕል) መሃሉ ላይ ሎግኢን ሚል ትልቅ እንቁላል አለው፣ ሌላው እንቁላል ሁሉ በኢንክሉድ፣ ማለትም ያኛውን የግድ ይጨምራል በሚል ቀስት፣ ወደሱ ይሄዳል። አንዱ ግሩፕማ የፋርማሲ ሲስተም ብሎ ገጽ 43 ላይ "እንግዳው ክፍሉን ሲለቅ ቁልፉን ይመልሳል" ይላል። መድሃኒት ሊገዛ የገባ ሰው ምን ክፍል ይለቃል በናታችሁ።

ጠርቼ ጠየቅኳቸው፣ ይሄ ቀስት ለምን ወደዚህ ሆነ ስል ዝም። ከስድስቱ አንዷ ብቻ ታወራለች አምስቱ ጫማቸውን ያያሉ። ግማሹ ፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ የድሮ ጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ዶክመንት ነው፣ ግማሹ ቻትጂፒቲ ነው፣ አንዳንዱ ሁለቱም ነው። ዜሮ ልስጥ? ለ72 ሰው? ደሞ እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ እያለሁ እንዲሁ አይነት ነገር ነው ያስረከብኩት፣ ኤ ነው ያገኘሁት።

እና እናንተ ይሄን ኮርስ ምኑን ነው ምታርሙት? ዳያግራሙን ነው ዶክመንቱን ነው? ወይስ ፕሮጀክቱን ትቼ ፈተና ብቻ ላርገው?

ጦሳ_ስር፦

አብሽር ወንድሜ ሁላችንም በዚ አልፈናል። እኔ ይሄን ኮርስ ስይዝ 11ኛ ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመት ልክ እንዳንተ ወረቀት ስመዝን ነው ያለፉት፣ በኪሎ ማለቴ ነው።

ዜሮ አትስጥ። ቅር አይበልህና ወረቀት ጠየቅካቸው ወረቀት አመጡልህ። የፈለጋችሁትን ድርጅት ስትላቸው ማንም ሄዶ ያላነጋገረውን ድርጅት ነው ሚያመጡልህ፣ ሆቴሉ የለም ክሊኒኩ የለም፣ የሌለ ደንበኛ ደሞ "አይ ልጆች እንዲህ አይደለም እኛ ጋ" አይልም። አንተም ሆቴሉን ስለማታውቀው ልክ ይሁን ስህተት ምታረጋግጥበት ነገር የለህም፣ ስለዚ ቀስትና ሳጥን ስታርም ትውላለህ።

እኔ አሁን ለሙሉ ክላሱ አንድ ደንበኛ ነው ምሰጠው። የሰፈራችን ቅሬ። ከወሎ ውጪ ያላችሁ እድር ምትሉት ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት የቆየ ቅሬ ነው፣ መዝገቡ በደብተር ነው። የቅሬውን ገንዘብ ያዥ ለምኜ ክላስ አመጣቸዋለሁ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተማሪው ይጠይቃቸዋል። እሳቸው የተጠየቁትን ብቻ ነው ሚመልሱት፣ እንዲያ ብለን ተነጋግረናል። ያልተጠየቀ አይነገርም።

ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ። ከኢንተርቪው በፊት ዲዛይን አርጉ ብላቸው ሁሉም አንድ አይነት ቴብል ነው ያመጡት፣ አባል፣ ስም፣ ስልክ፣ ወር ከ1 እስከ 12፣ የተከፈለ። ቻትጂፒቲም እሱኑ ነው ሚሰጥህ ሞክረው። ኢንተርቪው ላይ አንዱ ልጅ በአጋጣሚ "ጋሼ ጳጉሜ ላይ ይከፈላል?" አለ። አይከፈልም አሉት። ልጁ ሊቀመጥ ሲል አንዷ ተነስታ "ጳጉሜ ላይ ለቅሶ ከወደቀስ?" አለቻቸው። "እንዴ ልጄ ሞት ጳጉሜን ይዘላል? ድንኳኑ ይወጣል፣ ያልመጣ ይቀጣል" ብለው መለሱ። በቃ እዛ ጋ ክላሱ ተቀየረ። ክፍያ 12 ወር ነው ለቅሶና ቅጣት ግን 13 ወር ላይ ይመዘገባል፣ በየአራት ዓመቱ ደሞ ጳጉሜ 6 አለ፣ ወር ከ1 እስከ 12 ያለው ሁሉ ቤቱ ፈረሰ።

ከዛ ዋናው መጣ። አባል ማለት ማነው? ሰውየው ነው ወይስ ቤቱ? ሰውየው ሲሞት ሚስቱ አዲስ አባል ሆና መግቢያ ትከፍላለች ወይስ ትቀጥላለች? ቀብር ላይ ልጁ ከተገኘ አባትየው ይቀጣል? እሳቸው "ልጁ ከመጣ ቤቱ መጥቷል" አሉ። ይቺ አንዲት አረፍተ ነገር ክላስ ዳያግራሙን (ሲስተሙ ውስጥ ያሉትን ነገሮችና ግንኙነታቸውን ሚያሳየውን) ከላይ እስከታች ነው ምትቀይረው፣ አባል ሚለው ክላስ ቤተሰብ ይሆናል፣ መገኘት ሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፣ ውርስ ሚለው ነገር ይመጣል። ይሄን 20 ስላይድ ብታሳያቸው አይገባቸውም፣ ከሰው አፍ ሲሰሙት ግን ገባቸው።

ማርኩን በተመለከተ ከ30ው 10ሩን የማርመው ጥያቄዎቻቸውን ነው። ከኢንተርቪው በፊት ምን ሊጠይቁ እንዳሰቡ ጽፈው ያስገባሉ፣ ከኢንተርቪው በኋላ ምን እንደቀየሩና ለምን እንደቀየሩ ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። ዶክመንት ከ12 ገጽ በላይ ካለፈ አላነበውም። ያንተ 12 ግሩፕ በአማካይ 90 ገጽ ቢያመጣ 1080 ገጽ ነው፣ ማን ያነበዋል? ተማሪውም እንደማይነበብ ስለሚያውቅ ነው ሚገለብጠው።

ፒያሳ_ኮደር፦

እኔ መምህር አይደለሁም ሶፍትዌር እየሰራሁ ነው ምበላው፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሶስት ሆነን ትንሽ ቢሮ አለችን። ስለዚ ከሌላ በኩል ላውራ።

ግቢ ውስጥ 9 አይነት ዳያግራም ተምሬያለሁ። ስራ ላይ ምጠቀመው የዳታቤዙን ኢአር (ቴብሎቹ እንዴት እንደሚገናኙ ሚያሳየውን) ነው፣ አልፎ አልፎ ሲኩዌንስ (ነገሮች በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄዱ ሚያሳየውን) ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ በቃ። ግን ኮርሱ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም በጣም ነው ሚጠቅመው፣ ሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው።

የመጀመሪያ ስራችን የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር። ሲስተሙን ከውጭ ቴምፕሌት አውርደን አስተካክለን ሰጠነው። ሰውየው በሳምንቱ ደወለ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያስገባሁት እቃ ሌሊት ካስገባሁት በፊት ሆኖ ነው ሚታየኝ አለ። እሱ 2 ሰዓት ብሎ ይጽፋል ሲስተሙ 2 ሰዓት ሲባል ውድቅት ላይ ነው ሚመስለው። ስድስት ሰዓት ልዩነት እኮ ነው። ደንበኛ ስምም ላይ ላስት ኔም ሚል ሳጥን ነበር፣ ግማሹ ሰራተኛ የአባት ይጽፋል ግማሹ የአያት፣ አንዱ ደንበኛ ሶስት ቦታ ተመዝግቦ ተገኘ። ሁለት ወር ሙሉ በነጻ ስናስተካክል ከረምን። አንድ ቀን ቁጭ ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር፣ ሰውየው ደሞ እንዴት ያወራል መሰላችሁ፣ ቡና ከጋበዛችሁት ያባቱን የንግድ ታሪክ ሁሉ ይነግራችኋል።

ስለዚ ቲቸር፣ ሎግኢን ምትለዋን እንቁላል ካየህ ሰርዛት። ማንም ሰው ሎግኢን ላርግ ብሎ ከቤቱ አይወጣም፣ ሊከፍል ነው ወይ ሊመዘግብ ነው ሚመጣው። ዩዝ ኬዝ ማለት ሰውየው የመጣበት ጉዳይ ነው ብለህ ብትነግራቸው ይበቃል። እንቁላሉ ራሱ ርዕስ ነው እንጂ ነገሩ ያለው ከስሩ በጽሁፍ ሚተርከው ላይ ነው፣ ያ ጽሁፍ ከሌለ ማርክ አትስጥ።

አንዲት ነገር ልጨምር። ዋተርፎልን (አንዱ ደረጃ አልቆ ወደ ቀጣዩ ብቻ ሚወረድበትን አሰራር) አሁንም የሮይስ ሞዴል እያሉ እንደ ትክክለኛው መንገድ ሚያስተምሩ አሉ አይደል፣ ሮይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሁፍ ላይ ያንን ወደታች ሚወርድ ስዕል ከሳለ በኋላ በዚ መልኩ ከተሰራ አደጋ አለው ነው ያለው፣ ዋተርፎል ሚለውን ቃል ራሱ አልተጠቀመም። ጽሁፉ 10 ገጽ ገደማ ነው። ማንም አያነበውም ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ ተማሪ ገለበጠ እንላለን እኛስ?

ስሜን_አስገቡልኝ፦

እኔ ተማሪ ነኝ ስሜ ራሱ ይነግራችኋል ሃሃሃ። ኮምቦልቻ ነኝ ግን የዚ ቲቸር ክላስ አይደለሁም (ይመስለኛል፣ ተስፋ አረጋለሁ)።

ወላሂ እውነቱን ልናገር። ፎቶ ኮፒ ቤት ዶክመንት በ200 ብር ገዝተን እናውቃለን። ለምን አትሉም? አንደኛ በዛ ሴሚስተር ስድስት ኮርስ ነው ሁሉም ፕሮጀክት አለው፣ ሁሉም ማስረከቢያው አንድ ሳምንት ላይ ነው። ግሩፑ ውስጥ ሁለት ላፕቶፕ ነው ያለው አንዱ ባትሪው ሞቷል መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ኢድሮው ማክስ ሚባለው የዳያግራም መሳያ ላይ አንድ ዳያግራም ለማስተካከል ስድስታችን አንድ ስክሪን ላይ ተደርድረን፣ መጨረሻ አምስታችን ወጥተን ሻይ እንጠጣለን አንዱ ይሰራል። እሱ ይሰራል እኛ ስማችንን እናስገባለን።

ግን ዋናው እሱ አይደለም። እስካሁን ያስረከብኩት ፕሮጀክት አንድም ቀን ተመልሶልኝ አያውቅም። ከ30 24 ሚል ቁጥር ይለጠፋል በቃ። 6ቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ማይነበብ ነገር በደንብ ምሰራው ለማን ብዬ ነው? አንድ ቲቸር ብቻ፣ ግማሹን ሳንጨርስ አምጡ ብላ በእጅ በወረቀት የሳልነውን አይታ በቀይ እስክሪብቶ አስተካክላ መለሰችልን፣ የሷን ኮርስ ነው እስካሁን ማስታውሰው። በእጅ ስለነበረ ላፕቶፕም አላስፈለገንም።

ደሞ እርስ በርስ ማርክ ስጡ ሚባለውን አታምጡብን በናታችሁ። ሁላችንም ለሁላችንም 10 ከ10 ነው ምንሰጠው። ዶርም አብሬው ማድር ልጅ ላይ 3 ጽፌ በምን አይኔ ላየው ነው? ይሉኝታ አለ እኮ። ይልቅ ማን እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ ቲቸሩ በራሱ አንዱን ጠርቶ ቢጠይቅና የሱ መልስ ለሁላችንም ቢያዝ፣ አላህ ምስክሬ ነው የዛን ቀን ማታ ዶርም ውስጥ ማንም አይተኛም።

ቧንቧ_ውሃ፦

በቀይ እስክሪብቶ ያረመችው እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ አይደለሁም ግን።

ጦሳ_ስር ያልከው ጥሩ ነው ግን ሁለት ነገር ላይ አልስማማም። አንደኛ ለሁሉም አንድ ደንበኛ ስትሰጥ በሁለተኛው ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት የቅሬ ዶክመንት ይሸጣል። ሁለተኛ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ 50 ያላመጣ አይመረቅም፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ኢንክሉድና ኤክስቴንድን ያልለየ ልጅ ቅሬ ኢንተርቪው አረገ ብለው አያሳልፉትም። እኔ ፈተናውን ወድጄው አይደለም ግን ቤተሰቡ ምረቃ ሚጠብቅበትን ልጅ ምን ልትለው ነው።

እኔ ማረገው ስህተት ያለበት ዳያግራም ሰጥቼ ፈልጉ ነው። ለምሳሌ ዲኤፍዲ (ዳታ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሚያሳየው ዳያግራም) ላይ ከአንድ ዳታ ስቶር ወደ ሌላ ዳታ ስቶር ቀጥታ ቀስት አረጋለሁ፣ መሃል ፕሮሰስ የለም፣ መዝገብ ራሱ ተነስቶ ወደ ሌላ መዝገብ ሄደ ማለት ነው። አንዱ ፕሮሰስ ሁሉ ይገባበታል ምንም አይወጣበትም፣ ሌላው ምንም ሳይገባበት ሪፖርት ይወጣበታል። ኮንቴክስት ዳያግራሙ (ሙሉ ሲስተሙን እንደ አንድ ፕሮሰስ ሚያሳየው) ላይ ያለ ቀስት ሌቭል ዜሮ (ቀጥሎ ያለው ዝርዝሩ) ላይ ጠፍቷል። ዩዝ ኬዙ ላይ ደሞ የኤክስቴንድን (አንዳንዴ ብቻ ሚጨመረውን) ቀስት እገለብጠዋለሁ። ኢንክሉድ ላይ ቀስቱ ከዋናው ተነስቶ ወደተጠራው ነው ሚሄደው፣ ኤክስቴንድ ላይ ከተጨማሪው ተነስቶ ወደ ዋናው፣ ይቺን ሁሉም ይስቷታል አንዳንድ መምህርም ጭምር (እኔን ጨምሮ ሁለት ዓመት ገልብጬ አስተምሬያለሁ፣ ማንም አልነቃብኝም ያ ነው ያናደደኝ)። ስህተቱን ያገኘ ግማሽ ማርክ፣ ምን ችግር እንደሚያመጣ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዘኛ ያስረዳ ሙሉ። 72 ወረቀት በሁለት ማታ ታርሞ ያልቃል፣ ለመውጫ ፈተናም ይጠቅማል።

ኮፒውን ሚገድለው ግን ለውጥ ነው። ለእያንዳንዱ ግሩፕ 15 ደቂቃ፣ 12 ግሩፕ ሶስት ሰዓት ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ። ሲገቡ አንድ ለውጥ ትሰጣቸዋለህ፣ ለምሳሌ የቅሬው ከሆነ "አንድ ቤት ሁለት ቅሬ ውስጥ አባል መሆን ይችላል" ትላለህ፣ የትኛው ክላስ ይነካል የትኛው ቴብል፣ እዛው በእርሳስ ዳያግራማቸው ላይ ያሳዩህ። ራሳቸው የሰሩት ከሆነ 5 ደቂቃ አይፈጅባቸውም፣ የተገዛ ከሆነ የቱ ገጽ ላይ እንዳለ ራሱ ይፈልጋሉ። ለውጡን በየዓመቱ ስትቀይር ፎቶ ኮፒ ቤቱም ምንም አያመጣም።

ወደ እውነተኛ መስሪያ ቤት መላክ ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ሁሉንም ግሩፕ አንድ ቢሮ ላክኳቸው፣ ሁለት ቀን አስተናገዷቸው በሶስተኛው ቀን ዘበኛው በር ላይ መለሳቸው። እውነታቸውን ነው፣ አንድ አይነት ጥያቄ ስንቴ ይመልሱ? ደብዳቤ አጽፈህ፣ አንድ ቀን አስቀጥረህ፣ ሁሉንም አንድ ላይ።

ጦሳ_ስር፦

ቧንቧ_ውሃ ትክክል ነሽ፣ የቅሬውን ዶክመንት አምና ሲሸጥ አግኝቼዋለሁ። እኔ ራሴ ገዛሁት። ከኔ የተሻለ ፎርማት ነበረው።

ለዛ ነው ዘንድሮ ወደ እቁብ የቀየርኩት። እቁብ ላይ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ እጣ የወጣለት ሰው ለሌላ ሲሸጥ ማን ነው ባለ እጣው፣ ዋስ ሲጠፋ ምን ይደረጋል። መናኸሪያም ሞክሬያለሁ፣ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ተራ እንዴት እንደሚያዝ ሄዳችሁ ተራ አስከባሪውን ጠይቁ ብዬ፣ ስቴት ዳያግራም ለማስተማር እንደሱ ሚመች የለም፣ መኪናው ተመዝግቧል፣ ተራ ይዟል፣ እየጫነ ነው፣ ሞልቶ ወጥቷል፣ ተራውን ለሌላ ለቋል። ልጆቹ በየሳምንቱ ስለሚሳፈሩበት እዛው ተሰልፈው ነው የሳሉት።

ተማሪው ያልከው ላይ፣ አንዱ ተጠይቆ ለሁሉም ይያዝ ሚለውን እኔ ግማሽ ግማሽ ነው ማረገው። ሙሉውን ካረግከው አንድ የታመመ ወይም አፉ የሚተሳሰር ልጅ አምስት ሰው ይዞ ይወድቃል። ግማሹ የግሩፕ ግማሹ የራሱ።

የሐረጎ_መንገደኛ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኮፒ አርጌ ስልኬ ላይ አስቀምጨዋለሁ (ኮፒ ማረግ ለመምህር ይፈቀዳል)።

ዛሬ ያረግኩትን ልንገራችሁ። ዶክመንቱን ሁሉ ሳላርም መለስኩላቸው። ሁሉም ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፣ የሆቴሉ ላይ "እንግዳው አርብ ማታ ለሶስት ቀን ብሎ ገብቶ ቅዳሜ ጠዋት ቢወጣ ስንት ይከፍላል? ማንን ጠየቃችሁ?" አይነት ነገር። ሰኞ መልሱን ይዛችሁ ኑ፣ ማንን እንደምጠይቅ አልነግራችሁም አልኳቸው። ፋርማሲዎቹ ጋ ስደርስ ገጽ 43ን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ብቻ አስቀመጥኩላቸው፣ አንዱ አንብቦ ሳቀ ሌላው ጓደኛውን በክርኑ ጎሰመው፣ በኋላ ሁሉም ሳቁ እኔም ሳቅኩ ምን ላርግ።

ከ30ውን እንዲህ ልከፍለው አስቤያለሁ፣ 10 ለጥያቄዎቹና ምን እንደቀየሩ ለሚጽፉት፣ 5 በእጅ ለሚስሉት ረቂቅ እሱን አርሜ እመልሳለሁ፣ 15 ለለውጡ ቀን፣ ከሱ 7ቱ የግሩፕ 8ቱ የግል። ስህተት ፈልጉ ሚለውን ሚድ ላይ አስገባዋለሁ። ዲፓርትመንት ፎርማቱ ላይ ዶክመንት ሚል አለ እሱን እንዴት እንደማሳምናቸው ገና አላውቅም፣ 12 ገጽ ስል አንዱ አንጋፋ መምህር "ምን ሊጠረዝ ነው ታዲያ?" አለኝ።

ቧንቧ_ውሃ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ 15 ደቂቃው ውስጥ ማርኩን እዛው ነው ምትሰጪው ወይስ በኋላ?

ቧንቧ_ውሃ፦

እዛው። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ቀጣዩ ግሩፕ ሳይገባ፣ ሁለት ደቂቃ። ለማታ ካልክ 12ቱም ይቀላቀሉብሃል። ስለዚ 15 ብለህ 17 ያዝ።

ስሜን_አስገቡልኝ፦

ቲቸር የለውጡን ቀን ግን ጠዋት አርጉት። ኮምቦልቻ ስምንት ሰዓት ላይ በዛ ቆርቆሮ ክላስ ውስጥ እንኳን ክላስ ዳያግራም የራሴን ስምም አላስታውስም። ደሞ ገጽ 43ን ያየሁት ይመስለኛል፣ የት እንደሆነ ግን አልናገርም።